ዝግ ብሎ የሚግል ትረካ ምንድን ነው?

ስለ አንድ ልብ ወለድ ሲወራ ደጋግሞ ከሚሰማ ቅሬታ አንዱ «መጀመሪያው ይጎትታል፤ ታግሠህ ካለፍከው ግን በኋላ ይጥማል» የሚለው ነው። አባባሉ የመጽሐፉን ሁለት ክፍሎች ነጣጥሎ ያያቸዋል፤ የፊተኛውን እንደ ቅጣት፣ የኋለኛውን እንደ ካሳ ይቆጥራል። የኋለኛው የጣመው የፊተኛው ስለ ጎተተ ሊሆን እንደሚችል ግን አይጠረጥርም። ዝግ ብሎ የሚግል ትረካ የምንለው ስልት የቆመው በዚሁ ባልተጠረጠረው ግንኙነት ላይ ነው።

ዝግ ብሎ የሚግል ትረካ ማለት፣ ደራሲው ዋናው ድርጊት ከመድረሱ በፊት ረዘም ያለ ገጽ ወስዶ ሰዎቹን፣ የሚኖሩበትን ቦታ፣ የሚተዳደሩበትን ሥርዓትና በመካከላቸው የተዳፈነውን ውጥረት ደረጃ በደረጃ የሚገነባበት፣ ድርጊቱ ሲመጣም አንባቢው ምን እንደሚፈርስ አስቀድሞ አውቆት እንዲጠብቅ የሚያደርግበት የአተራረክ ስልት ነው። ድርጊት ስንል የግድ ጦርነት ወይም ግድያ ማለታችን አይደለም። በአንዳንድ ልብ ወለድ ድርጊቱ አንድ የጋብቻ ጥያቄ፣ አንድ ከቤት መውጣት ወይም ለሃያ ዓመት ያልተነገረ አንድ ቃል ሊሆን ይችላል።

ወጣት አንባቢዎች ከእንግሊዝኛው ወስደው «ስሎው በርን» ይሉታል። በአማርኛ ቀረብ የሚለው ቃል «አዝጋሚ» ቢሆንም፣ አዝጋሚ የሚለው ስያሜ ነቀፌታ አለበት፤ አዝጋሚ የተባለ መጽሐፍ ተወቅሷል ማለት ነው። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት የለመድነው «ልብ ሰቀላ» ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ልብ ሰቀላ አንባቢውን «ቀጥሎ ምን ይሆን?» እያሰኘ ገጽ ያስገልጠዋል፤ ዝግ ብሎ የሚግለው ትረካ ግን የሚያሳድረው ጥያቄ «ይህ የሆነ ቀን ማን ምን ያጣል?» የሚል ነው። ሁለቱ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፣ ብዙ ጊዜም ይኖራሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው የሚኖረው መልሱ እስኪታወቅ ድረስ ብቻ ሲሆን ሁለተኛው መልሱ ከታወቀም በኋላ አይሞትም። የወጥ ቤቱ ምሳሌ ከማንኛውም ትርጓሜ ይልቅ ነገሩን ያቀርበዋል። ዶሮ ወጥ የሚሠራ ሰው ሽንኩርቱን በዝግታ ሲያቁላላ የሚያጠፋው ጊዜ ከሥራው የተረፈ ባዶ ጊዜ አይደለም፤ በርበሬው፣ ቅቤውና ዶሮው በኋላ የሚይዙት ጣዕም የሚያርፈው በዚያ ቁሌት ላይ ነው። ሽንኩርቱ ሳይበስል ቅመም የገባበት ወጥ ምንም ያህል ቅመም ቢጨመርበት ጥሬነቱ አይለቀውም።

ለዚህ ዓይነቱ መዘግየት የአማርኛ ተናጋሪ ከማንም ያነሰ እንግዳ መሆን ነበረበት ብዬ አስባለሁ፤ ቋንቋው ራሱ ማሰሪያ አንቀጹን የሚያስቀምጠው ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነውና። «ትናንት ማታ ከአባቴ ጋር ሲጫወት ያመሸው፣ ልጆቹን ሁሉ ድሮ ብቻውን የቀረው ያ ጎረቤታችን» ብለን ከጀመርን በኋላ «አገባ» ወይም «ሞተ» እስክንል ድረስ አድማጩ የቀደመውን ሁሉ ተሸክሞ ይጠብቃል፤ ግሱ ሲመጣም የሚያርፈው በባዶ ሰው ላይ ሳይሆን ጨዋታው፣ ልጆቹና ብቸኝነቱ በተነገረለት ሰው ላይ ነው። ልብ ወለድ ይህንኑ በአምስት መቶ ገጽ ስፋት ያደርገዋል ማለት ይቻላል።

የስልቱን አሠራር ለመረዳት በመጀመሪያ ሁለት ዓይነት ጊዜ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው በታሪኩ ውስጥ የሚያልፈው ጊዜ ነው፤ ሰዓት፣ ቀን፣ ዓመት። ሁለተኛው ለዚያ ጊዜ የተሰጠው የገጽ ብዛት ነው። ፈረንሳዊው የሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ዤራር ዤኔት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት የትረካን ፍጥነት የሚወስነው የእነዚህ የሁለቱ ንጽጽር መሆኑን አስረድቶ አራት ሁኔታዎችን ለይቷል፤ ደራሲው ዓመታትን ዘሎ ሊያልፋቸው፣ በጥቂት መስመር አጠቃልሎ ሊነግራቸው፣ ንግግርና እንቅስቃሴ እንዳለ በሚታይበት ትዕይንት ሊያቀርባቸው፣ ወይም የታሪኩን ሰዓት አቁሞ መግለጫና ሐተታ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ዝግታ ከእነዚህ በአንዱ ብቻ አይመጣም። ሠላሳ ዓመት በሁለት ገጽ ያለፈበት ምዕራፍ በጊዜ ስሌት እጅግ ፈጣን ሲሆን ለአንባቢው ግን ዘገምተኛ ሆኖ ሊሰማው ይችላል፤ አንድ የእራት ሰዓት አርባ ገጽ የወሰደበት ክፍል ደግሞ ትንፋሽ የሚያሳጥር ሊሆን ይችላል። ወሳኙ ፍጥነቱ ሳይሆን የፍጥነቱ መለዋወጥ ነው፤ አንባቢው የለመደው እርምጃ ድንገት ሲቀየር ሰውነቱ ሳይቀር ያውቀዋል።

ከእኛ መጻሕፍት መካከል ይህን ስልት ለማየት ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተሻለ አላውቅም። በ1958 ዓ.ም. የታተመው ይህ ልብ ወለድ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል የፍቅር ታሪክ ነው ተብሎ ይታወቃል፤ አንባቢው መጽሐፉን ሲከፍት ግን ሁለቱንም አያገኛቸውም። የሚያገኘው በጎጃም ያለችውን ማንኩሳን፣ ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ማን እንደሆኑ፣ እንዴት እንደተገናኙ፣ ምን እንደሚፈሩና ምን እንደሚመኙ ከተነገረን በኋላ ነው ልጃቸው በዛብህ የሚመጣው፤ እሱም ሲመጣ ለእግዚአብሔር በስለት የተሰጠ ልጅ ሆኖ ነው የሚያድገው። ለችኩል አንባቢ ይህ ሁሉ ከዋናው ታሪክ በፊት የተደረደረ ጓዝ ይመስላል። ነገር ግን ስለቱን እንውሰድ። ደራሲው ታሪኩን በዲማ፣ በሰብለ ወንጌል አባት በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ጀምረው «በዛብህ በልጅነቱ ወላጆቹ ተስለውበት ስለነበር ማግባት አይችልም» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊያልፉት ይችሉ ነበር። እንዲያ ቢያደርጉ ስለቱ መረጃ ብቻ ይሆን ነበር። አሁን ግን ልጅ ለማቆየት የተጨነቁትን ወላጆች አይተናል፤ የተሳሉበትን ፍርሃት አውቀነዋል፤ ስለዚህ በዛብህ ሰብለ ወንጌልን መውደዱን ለራሱ ሲያምን ከአንድ ሃይማኖታዊ ደንብ ጋር ብቻ ሳይሆን ከእናቱና ከአባቱ እንባ ጋር እንደተጣላ ይገባናል። ያው ክስተት፣ ያው ስለት ነው፤ ክብደቱ ግን ሌላ ሆኗል።

በሌላው ወገንም እንዲሁ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው የሚመጡትን ባሎች በዘር አይመጥኑም እያሉ አንዱን ከአንዱ አስከትለው ይመልሳሉ። ይህ ነገር ከአንድ ጊዜ በላይ ሲደጋገም አንባቢው በመጀመሪያ ይስቃል፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በመኳንንቱ ኩራት ላይ የሚያፌዙበት መንገድ በእርግጥም የሚያስቅ ነው። ቀስ በቀስ ግን ሳቁ እየተሟጠጠ ይሄዳል፤ የሰብለ ወንጌል ዕድሜ እያለፈ መሆኑን፣ ስለ እሷ በሚደረገው ድርድር ሁሉ እሷ እንደሌለችበት እናስተውላለን። በዛብህ አስተማሪ ሆኖ ወደዚያ ቤት ሲገባ እኛ አንባቢዎች ቤቱን ከእሱ በፊት እናውቀዋለን፤ የት የቱ ግድግዳ እንዳለ፣ የትኛው እንደማይገፋ ተነግሮናል። ከዚያ በኋላ በትምህርት ሰበብ የሚቀመጡበት እያንዳንዱ ሰዓት፣ ላይ ላዩን ምንም ሳይደረግበት፣ አደጋ የሞላበት ይሆናል። ደራሲው አደጋውን በየገጹ መጥራት አላስፈለጋቸውም፤ አስቀድመው ገንብተውታልና።

ጉዱ ካሳም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። በእውነተኛ ስሙ ካሳ ዳምጤ የሚባለው ይህ ሰው ስለ ሥርዓቱ የሚያደርጋቸው ረጃጅም ንግግሮች ታሪኩን ያዘገያሉ የሚሉ አንባቢዎች ገጥመውኛል፤ አንዳንዶቹ ንግግሮች ቢያጥሩ እኔም ቅር አይለኝም ነበር። ሆኖም በኋላ ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት በፊታውራሪው ላይ ሲነሡ ድርጊቱ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ የለም። የተለመደው ሥርዓት ሊናጋ እንደሚችል ጉዱ ካሳ ሲናገር ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ እንደ እብድ ወሬ ቆጥረውት ነበር፤ እኛ ግን ሰምተናል። ይህ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ንግር የሚባለው ነው፤ ዝግ ባለ ትረካ ውስጥ ንግር እንደ ምልክት ብልጭ ብሎ አይጠፋም፣ ከሌላው ወሬ ጋር ተቀላቅሎ ለረጅም ጊዜ በአንባቢው ውስጥ ይቀመጣል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ነገሩ የሚፈነዳውና ታሪኩ መሮጥ የሚጀምረው። በዛብህ ሸሽቶ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ሰብለ ወንጌል የአባቷን ቤት ጥላ ፍለጋ ትወጣለች፣ በመጨረሻም የሚገናኙት እሱ በመንገድ በወንበዴዎች ተመትቶ ሊሞት ሲያጣጥር ነው። ይህን የመጨረሻ ክፍል ነጥሎ ለሚያነብ ሰው ሁኔታው ከማንኛውም የሐዘን ድራማ ብዙ የተለየ አይሆንበትም፤ አንዲት ሴት የምትወደውን ሰው ፍለጋ በእግሯ ትጓዛለች፣ ደርሳም ሲሞት ታየዋለች። የፊታውራሪን ግቢ፣ የተመለሱትን ሽማግሌዎችና በዚያ ቤት ውስጥ ያለፈውን ጊዜ ለሚያውቅ ሰው ግን ሰብለ ወንጌል ከበሩ ስትወጣ የምትራመደው እርምጃ ራሱ ከማንኛውም ውጊያ የበለጠ ድርጊት ነው። እግሯ የሚሻገረውን ነገር ቁመት ስንለካ ነበርና ሦስት መቶ ገጽ ያነበብነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ዝግታ የሚጠቅመው ምሥጢር ለመደበቅ ነው ብሎ ያስባል፤ ደራሲው መልሱን ያዘገያል፣ አንባቢው ይጓጓል፣ መልሱ ሲመጣ ጉጉቱ ይረካል፤ ነገሩ በዚህ ያበቃል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ «ፍቅር እስከ መቃብር» ገና ሲጀመር ባለቀ ነበር፤ መጨረሻው ሽፋኑ ላይ ተጽፏል። አንባቢው መቃብር እንደሚመጣ እያወቀ ነው የሚያነበው፣ ማወቁም ደስታውን አይቀንስበትም፤ እንዲያውም በዛብህና ሰብለ ወንጌል በሚስቁበት ገጽ ሁሉ ያ ቃል ከጀርባ ቆሞ ይታየዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች፣ ጆናታን ሌቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ፣ 12 አጫጭር ልብ ወለዶችን ለአንባቢዎች ሰጥተው ነበር፤ መጨረሻው አስቀድሞ የተነገራቸው አንባቢዎች ካልተነገራቸው ይልቅ ታሪኮቹን በአማካይ የበለጠ እንደወደዷቸው አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ውጤታቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ አጭር ልብ ወለድም ረጅም አይደለም። ስለዚህ ነገሩን በዚህ አስረገጥሁ አልልም። ቢያንስ ግን የንባብ ደስታ ሁሉ ከአለማወቅ አይመጣም የሚለውን ለማመን ይረዳል።

ከዝግታ የሚገኘው ክፍያ ከምሥጢር ካልመጣ ከየት ይመጣል? ከትውውቅ ነው። የሰፈራችን ሰው ሲሞት የምናዝነውና በዜና የሰማነው ሰው ሲሞት የምናዝነው እኩል አይደለም፤ ልዩነቱ የሞቱ አሟሟት ሳይሆን አብረን የኖርነው ጊዜ ነው። ልብ ወለድ ያንን ጊዜ በሐሰት ሊሰጠን አይችልም፤ የሚያነበው ሰው ከራሱ ዕድሜ ላይ ቆርሶ መክፈል አለበት። አሥራ አምስት ሰዓት ከአንድ ገጸ ባሕርይ ጋር የተቀመጠ አንባቢ፣ ገጸ ባሕርይው የፈጠራ ሰው ቢሆንም፣ አሥራ አምስቱ ሰዓት ግን እውነተኛ ነው።

ይህን ነገር እስከ ጫፍ ድረስ የወሰደችው እንግሊዛዊቷ ቨርጂኒያ ዉልፍ ናት። እ.ኤ.አ. በ1927 የታተመው «ወደ መብራት ማማው» የተሰኘው ልብ ወለዷ ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያውና ረጅሙ ክፍል በስኮትላንድ ደሴት ላይ ባለ የዕረፍት ቤት ውስጥ የሚያልፍ አንድ ከሰዓት በኋላና አንድ ምሽት ብቻ ነው። አንድ ትንሽ ልጅ ነገ ወደ መብራት ማማው መሄድ ይፈልጋል፣ እናቱ አየሩ ከተስማማ ትሄዳለህ ትለዋለች፣ አባቱ አይስማማም ይላል፤ እናትየው ካልሲ ትሠራለች፣ እንግዶች ይሰበሰባሉ፣ እራት ይበላል፣ ልጆች ይተኛሉ። ከዚህ የበለጠ አይደረግም። አንባቢው በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ ከእናትየዋ ከሚስስ ራምዚ ሐሳብ ጋር ይውላል፤ ስለ ባሏ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ እያንዳንዱ እንግዳ የምታስበውን ከእሷ ጋር ያስባል። በሁለተኛው ክፍል አሥር ዓመት በጥቂት ገጾች ያልፋል፣ በመካከሉም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አለ። ደራሲዋ በባዶው ቤት ውስጥ ስለሚገባው ነፋስና ስለሚላጠው ቀለም በረጅሙ እየተረከች ሳለ፣ በቅንፍ ውስጥ ባለች አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ሚስተር ራምዚ አንድ ጨለማ ማለዳ ክንዶቹን እንደ ዘረጋ፣ ሚስስ ራምዚ ግን በዋዜማው ሌሊት በድንገት ሞታ ስለነበር ክንዶቹ ባዶ እንደቀሩ ትነግረናለች። ያ ብቻ ነው። ሁለት ልጆቿም እንዲሁ በቅንፍ ይሞታሉ፤ አንዷ በወሊድ ምክንያት፣ አንዱ በጦርነት።

ይህ ሞት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቢነገረን ኖሮ ዓረፍተ ነገሩን አንብበን እናልፈው ነበር። አሁን ግን አንባቢው መጽሐፉን አስቀምጦ ወደ ኋላ ይገልጣል፤ በትክክል አንብቤ ነው ወይ ይላል። አንድ ሙሉ ምሽት ከመቶ በሚበልጥ ገጽ የተዘረጋላት ሴት ሞቷ ከአንድ መስመር ብዙም ሳይበልጥ ቀረ፤ ድንጋጤው የሚመጣው ከዚህ አለመመጣጠን ነው። ዝግታ የሚከፍለው የግድ በትልቅና በተንዛዛ ጡዘት አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ የለኝም። እንዲያውም ብዙ ጀማሪ ደራሲዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ቀስ ብለው ከገነቡ በኋላ ድርጊቱ ሲደርስ ራሱን ድርጊቱን በቅጽልና በለቅሶ ያጥለቀልቁታል፤ ክብደቱ አስቀድሞ የተቀመጠ መሆኑን አያምኑም።

ድርጊቱ ጸጥተኛ ሊሆን እንደሚችል የጄን ኦስተን «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ»ም ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1813 የታተመው ይህ ልብ ወለድ 61 ምዕራፎች ሲኖሩት፣ ሚስተር ዳርሲ ኤልዛቤት ቤኔትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለጋብቻ የሚጠይቃት በ34ኛው ነው። ከዚያ በፊት ጭፈራ፣ ሻይ፣ ጉብኝትና ጨዋታ ብቻ ነው ያለው። ጥያቄው ግን በአንድ ክፍል ውስጥ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ንግግር ሆኖ ሳለ እንደ ፍልሚያ ይነበባል፤ እያንዳንዱ ስድብ የሚመዘዘው ከዚህ ቀደም ካየነው ጭፈራ ወይም ሻይ ነውና።

ረጅም ትረካ ሁሉ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ እሳት አይበስልም። የአሌክሳንደር ዱማ «የሞንቴ ክሪስቶው ኮንት» እ.ኤ.አ. ከ1844 እስከ 1846 «ዡርናል ዴ ዴባ» በተባለው የፓሪስ ጋዜጣ ላይ በተከታታይ የወጣ ታሪክ ነው፤ የጋዜጣ አንባቢ ደግሞ ለነገ የሚያቆየው ነገር ካላገኘ ነገ አይገዛም። ስለዚህ ዱማ ሁለት ሰዓት አብሮ ማስኬድ ነበረበት። በትንሹ ሰዓት በየዕለቱ ቁራሽ ውስጥ አንድ የሚያጓጓ ነገር አለ። በትልቁ ሰዓት ግን ኤድሞን ዳንቴስ በሐሰት ተወንጅሎ 14 ዓመት በሻቶ ዲፍ ወህኒ ይቀመጣል፣ ካመለጠም በኋላ በጠላቶቹ ላይ ወዲያው አይዘምትም፤ ዓመታት አልፈው፣ ስሙን ቀይሮ፣ በቤታቸው እየበላ፣ ከልጆቻቸው ጋር እየተወዳጀ ይዘጋጃል። አንባቢው ኮንቱ ማን እንደሆነ ያውቃል፣ ጠላቶቹ አያውቁም፤ በአንድ ማዕድ በተቀመጡ ቁጥር የሚበላው ምግብና የሚወራው ወሬ ሌላ ትርጉም ይይዛል። በሮማ ካርኒቫል ዙሪያ ያሉት ምዕራፎች በወጉ ይረዝማሉ፤ እኔም በመጀመሪያው ንባብ ዘልያቸው ነበር። ተመልሼ ሳነባቸው ግን ኮንቱ ወደ ፓሪስ ቤቶች የሚገባበትን በር የሚከፍትለት ወጣት የሚጠመደው እዚያ መሆኑን፣ የበቀሉ ወጥመድ ዓይናችን እያየ እየተዘረጋ እንደነበር ተረዳሁ። ዛሬ በቴሌግራም «ክፍል 1፣ ክፍል 2» እየተባለ የሚለቀቀው የአማርኛ ተከታታይ ታሪክ ከዱማ ጋር አንድ ዓይነት ግዴታ አለበት፤ ብዙዎቹ ግን ትንሹን ሰዓት ብቻ ሞልተው ትልቁን ይረሱታል፣ በየክፍሉ መጨረሻ አንድ ሰው ይሞታል ወይም አንድ ምሥጢር ይወጣል፣ በሃያኛው ክፍል ላይ የሚሞተው ማን እንደሆነ ግድ የሚለው አንባቢ አይገኝም።

ዝግታው ለአንባቢው መግቢያ በር ሊሆን እንደሚችልም የጣሊያኑ ኡምቤርቶ ኤኮ ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመውና በአንድ የመካከለኛው ዘመን ገዳም ውስጥ በሰባት ቀን ስለሚደርሱ ሞቶች የሚተርከው «የጽጌረዳ ስም» ከመውጣቱ በፊት፣ ረቂቁን ያነበቡ ወዳጆቹና አርታኢዎቹ የመጀመሪያዎቹ መቶ ገጾች አድካሚ ስለሆኑ ያሳጥራቸው ዘንድ መክረውት ነበር። ኤኮ አልተቀበለም። ምክንያቱን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲያስረዳ፣ ወደ ገዳሙ ገብቶ ሰባት ቀን ሊኖር የሚፈልግ ሰው የገዳሙን እርምጃ መቀበል አለበት፣ ያ ካልሆነለት መጽሐፉን አይጨርሰውም፤ እነዚያ ገጾች እንደ ንስሐ ወይም እንደ ተራራ መውጫ ናቸው፣ ትንፋሹን ለአቀበቱ ያላስለመደ ሰው ከታች ይቀራል ብሏል። በዚህ አነጋገር ውስጥ ትንሽ ትዕቢት አለበት፤ አንባቢን መፈተን የደራሲ መብት ነው ወይ ብሎ መጠየቅም ያስኬዳል። ነገር ግን ገዳም የሚያውቅ ሰው እውነትነቱን አይክድም፤ የመነኮሳቱን ሰዓት፣ የጸሎቱንና የዝምታውን ልክ ያልለመደ አንባቢ ያ ዝምታ ሲሰበር ምን እንደተሰበረ አያውቅም።

ታዲያ ዝግ ብሎ የሚግለው ከሚጎትተው በምን ይለያል? መለያው እንደሚመስለኝ የእያንዳንዱ ትዕይንት ውጤት ነው። በሚጎትት መጽሐፍ ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ ቡና ጠጥተው ሲነሡ ሲቀመጡ በነበሩበት ሁኔታ ላይ ናቸው፤ በሚግል መጽሐፍ ውስጥ ግን ቡናው ሲጠጣ አንድ ነገር ተንቀሳቅሷል፣ አንዱ ስለ ሌላው ያልጠረጠረውን ጠርጥሯል፣ አንዱ ሊል የነበረውን ውጦ ቀርቷል፣ ወይም አንባቢው ከእነሱ አንዳቸውም የማያውቁትን አንድ ነገር አውቋል። ለውጡ የጤፍ ፍሬ ታህል ሊሆን ይችላል፤ ጨርሶ ከሌለ ግን እሳቱ ጠፍቷል፣ ድስቱ ላይ ያለውም ነገር እየቀዘቀዘ ነው። ሁለተኛ መፈተኛም አለ፤ አንዱን ዘገምተኛ ምዕራፍ በሐሳብ አውጥቶ መጨረሻውን እንደገና ማንበብ። መጨረሻው ምንም ካልጎደለው ምዕራፉ ጓዝ ነበር ማለት ነው። በዚህ ፈተና ከተወደዱ መጻሕፍትም የማያልፉ ምዕራፎች ይገኛሉ፤ ከላይ የጠቀስኳቸውን የጉዱ ካሳን አንዳንድ ንግግሮች እኔ እዚህ ውስጥ እጨምራቸዋለሁ።

ስልቱ ለሁሉ ታሪክ አይስማማም። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ሲወጣ የያዘው ጉዳይ የትናንትና የዛሬ ነበር፤ ደርግ በኤርትራ ያካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ገና ትኩስ ነው፣ ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው በትእዛዝና በችኮላ ነው የሚኖሩት። ያን ታሪክ በማንኩሳ ልክ መጀመር የሰዎቹን ኑሮ መካድ ይሆን ነበር። የአተራረክ እርምጃ የሚቀዳው ከሚተረክላቸው ሰዎች ኑሮ ነው፤ ስለቱ ለዕድሜ ልክ በሚጸናበት፣ ጋብቻ በብዙ ዓመት ድርድር በሚፈጸምበት፣ ከጎጃም አዲስ አበባ በእግር በሚኬድበት ዓለም ውስጥ ታሪኩም በእግር ይሄዳል።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ብዙ ኢትዮጵያውያን በመጀመሪያ ያወቁት በንባብ ሳይሆን በጆሮ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት ሲተርከው፣ አድማጭ ገጽ ዘልሎ ወደ ዲማ መድረስ አይችልም ነበር፤ ማንኩሳን በወጋየሁ ድምፅ ልክ ሰምቶ፣ ቦጋለንና ውድነሽን አውቆ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ሬዲዮውን ዘግቶ እስከሚቀጥለው ዝግጅት መጠበቅ ነበረበት። መጽሐፉን በኋላ ገዝተው ያነበቡ ብዙ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ይጎትታሉ ሲሉ አልሰማሁም፤ ሲያነቡም የሚሰሙት ያንኑ ድምፅ እንደሆነ ይናገራሉ።